ዲምቢያ ሸለቆ፦ ሁለት ቀን በእግር

ጋላፊን የምንመላለስ ነጋዴዎች የጅቡቲን ምድር የምናውቀው በሰዓት ነው። ከጋላፊ ዲኪል ይህን ያህል፣ ከዲኪል ፒ ኬ 12 ይህን ያህል፤ ወደቡ በር ላይ ወረፋ ካለ እናድራለን፣ ከሌለ ማታውኑ እንወጣለን። በመስኮት የሚታየውን ጥቁር ድንጋይና ግራር ስሙን የጠየቀ የለም። አሥርና አሥራ አምስት ዓመት በዚህ መንገድ ተመላልሰን፣ ከአስፋልቱ መቶ እርምጃ ያልራቅን ስንቶቻችን ነን?

እኛ ባልና ሚስት ነን። አንዳችን አርሂባ ተቀምጠን ዕቃ እናስወጣለን፣ ሌላችን ሎጊያ ላይ እንቀበላለን። ሁለታችን አንድ ጣራ ሥር የምናድርበት ቀን በወር ከአራት አይበልጥም፤ እሱም ስለ ደረሰኝና ስለ ኮንቴይነር ሲወራ ያልቃል። ባለፈው ጥር ግን የጅቡቲን የዕረፍት ቀናት፣ ዓርብንና ቅዳሜን፣ ለራሳችን አደረግናቸውና ዲምቢያ ሸለቆ ወርደን አደርን። ፎቶውን ያዩ ብዙ ወዳጆች “እንዴት ይኬዳል?” ብለው ጠይቀውናል። ስለዚህ መንገዱንም፣ ያየነውንም፣ ይዛችሁ ልትሄዱ የሚገባውንም እንነግራችኋለን። መንገድ ላይ ያጋጠመንም ነገር አለ፤ እሱን ዘለን ስለ ሸለቆው ውበት ብቻ ብናወራ ነውር ይሆንብናል።

ቦታው ሩቅ አይደለም። ከከተማ በአንድ ቁጥር መንገድ ወደ ምዕራብ ትወጣላችሁ። ዌአን አለፍ እንዳላችሁ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል። አንዱ የምናውቀው የከባድ መኪና መንገድ ነው፤ ወደ ዲኪልና ወደ ጋላፊ ይወስዳል። ሌላው ዘጠኝ ቁጥር ነው፤ በጉቤት ባሕር አጠገብ አድርጎ ወደ አሳል ሐይቅና ወደ ታጁራ ይሄዳል። ዲምቢያ ያለው በዚህ በሁለተኛው ላይ፣ ወደ ጉቤት ከመውረዳችሁ በፊት ነው። አብዛኛው ጎብኚ መኪናውን ዳር አቁሞ፣ ከገደሉ አፋፍ ፎቶ ተነስቶ ወደ አሳል ይቀጥላል። እኛ ወረድን።

መሬቱ ለምን እንዲህ እንደ ተሰነጠቀ ማወቅ ለተጓዥ ይጠቅማል። የአፋር ምድር ሦስት የመሬት ቅርፊት ክፍሎች የሚለያዩበት ቦታ ነው፤ የዓረብ፣ የአፍሪካና የሶማሌ ይባላሉ። ከጉቤት እስከ አሳል ያለው ስንጥቅ በየዓመቱ በሴንቲ ሜትር የሚቆጠር ይሰፋል፤ አንዳንዴ ደግሞ በአንድ ጊዜ ይዘላል። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1978 አርዱኮባ የተባለው እሳተ ገሞራ እዚያው ፈንድቶ ለአንድ ሳምንት ያህል ሲተፋ ከረመ፤ መሬቱም በዚያ ጊዜ ወደ 2 ሜትር ተለያየ። የሸለቆው ግድግዳ እርከን እርከን ሆኖ የሚታየው በየዘመኑ የፈሰሰው የቀለጠ ድንጋይ ተደራርቦ ነው። እሱን የቆረጠው ደግሞ በዓመት ጥቂት ቀን ብቻ የሚመጣው ጎርፍ ነው።

አርሂባ የምታውቁት ታውቃላችሁ፤ የአፋሮችና የወደብ ሠራተኞች ሰፈር ነው። ጎረቤታችን የሆኑ አንድ አዛውንት ዕድሜያቸውን በሙሉ ወደቡ ላይ ጆንያ ሲሸከሙ ኖረዋል። በወጣትነታቸው ከሹፌሮቻችን ጋር ሰርተው ስለ ነበር አማርኛቸው የሎጊያ አማርኛ ነው። ሐሳባችንን ስንነግራቸው ስለ መኪናው አልጠየቁንም። የጠየቁት፣

“ስንት ሰው ነው ልጆቼ? ስንት ሌሊት?” ብቻ ነው።

“ሁለታችንና እርስዎ የሚሰጡን መንገድ መሪ። አንድ ሌሊት።”

“እንግዲያው ሦስት ጀሪካን ሙሉ።”

ሃያ ሃያ ሊትር ነው። ለሦስት ሰው፣ ለመጠጥና ለምግብ፣ ሁለቱ ከበቂ በላይ ነው። ሦስተኛው የማን እንደሆነ ስንጠይቃቸው፣ “የመንገድ ነው” አሉ። ሌላ ማብራሪያ አልሰጡንም፤ እኛም ሽማግሌን አንከራከርም ብለን ሞላን። መንገድ መሪ እንዲሆነን ደግሞ የእህታቸውን ልጅ ሰጡን፤ በሸለቆው አካባቢ ፍየል የሚያረባ፣ ሠላሳ ዓመት የሚሆነው ሰው ነው።

ዓርብ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ መውረድ ጀመርን። ሰው የሠራው ደረጃ የለም፤ የፍየል መሄጃ ነው። ድንጋዩ ጥቁርና ቡናማ ነው፤ ከላይ ጠንካራ ይመስላል፣ ሲረግጡት ይንከባለላል። ወጣቱ በሸበጥ እንደ ሜዳ ሲሄድ፣ እኛ በስኒከር አንዳችን የሌላችንን እጅ ይዘን ነበር። ከተጋባን ወዲህ በሰው ፊት እጅ ለእጅ ተያይዘን የሄድነው ያን ቀን ይመስለናል። ታች ሲደረስ የደረቀ ወንዝ ነው፤ ነጭ ጠጠር፣ አሸዋ፣ አልፎ አልፎ ግራር። ድምፅ የለም። የከተማው ጄኔሬተር፣ የወደቡ ክሬን፣ የስልኩ ጥሪ፣ ሁሉም ላይ ቀርቷል። ኔትዎርክ ስለሌለ “ዕቃው የት ደረሰ?” የሚል የለም። የመጀመሪያው አንድ ሰዓት ኪሳችንን ስንዳብስ አለፈ፤ ከዚያ ተውነው።

በመንገዳችን አንድ እረኛ አገኘን። እሱና መሪያችን ተጨባብጠው ተቀመጡና ተራ በተራ ማውራት ጀመሩ። አንዱ ሲናገር ሌላው ዝም ብሎ ያዳምጣል፤ አሥር ደቂቃ ያህል ፈጀ። ዳጉ ነው። ሎጊያና ሰመራ የኖራችሁ ታውቁታላችሁ፤ አፋር ከአፋር መንገድ ላይ ሲገናኝ ያየውን ሳይነግር አያልፍም። ውሃ የት አለ፣ ግጦሽ የት አለ፣ ማን አለፈ፣ ማን ታመመ። ያዩትን ከሰሙት ለይቶ መናገር ግዴታ ነው፤ በዳጉ የዋሸ ሰው ስሙ ይጠፋል። ምን ነገረህ ስንለው መሪያችን፣ “ከላይ በአስፋልቱ ሰዎች እያለፉ ነው፣ ብዙ ናቸው፣ ውሃ የላቸውም አለ” ብሎ መለሰልን።

ያደርነው ከወንዙ አልጋ ከፍ ባለ ደልዳላ ቦታ ላይ ነው። አሸዋው ለስላሳ ስለሆነ ሰው የሚፈተነው እዚያ መተኛት ነው፤ መሪያችን ግን አሻፈረኝ አለ። ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ፣ ርቆ ተራራ ላይ የዘነበ ዝናብ ሌሊት ሊደርስ ይችላል። ጅቡቲ ከተማ በዓመት የምታገኘው ዝናብ ከ200 ሚሊ ሜትር በታች ነው፤ አዲስ አበባ ከ1,000 በላይ ታገኛለች። ግን ጥቂት ይዘንባል ማለት ጎርፍ የለም ማለት አይደለም። አፈሩ ውሃ አይመጥም፣ የሚይዘው ሣር የለም፤ የወረደው ሁሉ በአንድ ጊዜ ወደ ሸለቆ ይገባል። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2004 አምቡሊ ሌሊት ሞልቶ ከተማው መሐል ብዙ ሰው ወስዷል። በነጋታው ደረቅ ወንዝ ነበር።

እራታችን የነጋዴ እራት ነው፤ ድርቆሽ በቋንጣ፣ ከከተማ የያዝነው ባጌትና ተምር። ከሰል ይዘን ስለ ነበር ቡና አፈላን። እርጥብ ግራር አይቆረጥም፤ ለሰውም ለፍየልም ያለው ጥላ እሱ ብቻ ነው። መሪያችን ሁለተኛውን ቡና ጠጥቶ፣ ሽርጡን ተከናንቦ ራቅ ብሎ ተኛ። እኛም ለሁለት ወር በስልክ ስንቆራርጠው የነበረውን ወሬ አነሳነው።

ወሬው የወንድማችን ልጅ ነው። ወሎ ነው ያለው፤ ሃያ አንድ ዓመቱ ነው። የ12ኛ ክፍል ፈተና የተፈተነው በ2015 ዓ.ም. ነው፤ በዚያ ዓመት በአገር ደረጃ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው ከመቶ ተፈታኝ አራት አይሞላም። እሱም አላመጣም። ከዚያ ወዲህ አንድ ነገር ብቻ ነው የሚለን፦ “ጅቡቲ አላችሁ፣ መንገዱን ታውቃላችሁ፣ በኦቦክ በኩል አሻግሩኝ፤ ሳዑዲ ገብቼ እከፍላችኋለሁ።” አንዳችን “እምቢ ብንለው ለደላላ ይከፍላል፤ ቢያንስ ገንዘብ እንስጠውና የሚያውቁት ሰዎች ይዘውት ይሂዱ” እንላለን። ሌላችን “በገዛ ገንዘባችን ወደ ባሕር አንከተውም” እንላለን። በስልክ ሲሆን ነገሩ ሁሌ “ቆይ ደንበኛ መጣብኝ” በሚል ያልቃል። እዚያ ሸለቆ ውስጥ ደንበኛ አልመጣም። እስከ እኩለ ሌሊት አወራን፤ አልተስማማንም፤ ግን አንዳችን ሌላችን የሚለውን እስከ መጨረሻው የሰማነው ያን ሌሊት ነው። አንዳችን የምንፈራው ልጁ ይጠላናል ብለን መሆኑን፣ ሌላችን የምንፈራው ወንድማችን ፊት በለቅሶ ቀን እንዴት እንቆማለን ብለን መሆኑን ከዚያ በፊት አናውቅም ነበር።

በዚህ ምድር ሸክም ይዘው ከሚያልፉ እኛ የመጀመሪያዎቹ አይደለንም። እ.ኤ.አ. በ1841 ካፒቴን ሃሪስ የተባለ እንግሊዛዊ ከሸዋው ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ጋር የንግድ ውል ሊዋዋል ከታጁራ ተነስቶ በአሳል በኩል አለፈ። የመጣው በጁን፣ ሙቀቱ ሰው በሚጨርስበት ወር ነው። አሳልን አለፍ ብሎ ጉንጉንቴ በተባለ ጠባብ ሸለቆ ውስጥ ሲያድሩ በጨለማ አደጋ ተጥሎባቸው ሁለት ወታደሮችና አንድ ፖርቱጋላዊ ወጥ ቤት ተገደሉ። ውሉ በኖቬምበር ተፈረመ፤ ሦስቱ ግን እዚያው ሸለቆ ቀሩ። ከአርባ አምስት ዓመት በኋላ ደግሞ ባለቅኔው ፈረንሳዊ ራምቦ ለምኒልክ የሚሸጥ ጠመንጃ በግመል ጭኖ በዚያው በኩል አለፈ። በኦክቶበር 1886 ከታጁራ ወጥቶ አንኮበር የደረሰው በፌብሩዋሪ 1887 ነው። ሸሪኩ ሞቶበት ስለ ነበር የሸሪኩ ዕዳ ከክፍያው ላይ ተቀነሰበት፤ ገንዘቡንም ሐረር ሄዶ ከመኮንን፣ በኋላ ራስ ከተባሉት፣ እንዲቀበል ተደረገ። ከሸሪክ ጋር ሰርቶ የሚያውቅ ነጋዴ ይህን ሲሰማ ሳቅም ሐዘንም ይመጣበታል። እነዚህ ሁሉ ግን መሪ፣ ግመልና የውሃ ስልቻ ነበራቸው።

ቅዳሜ ንጋት ላይ፣ ፀሐይ ሳይበረታ ወጣን። ዝንጀሮዎች ከገደሉ ማዶ ይጮኹብን ነበር። አፋፉ ላይ ደርሰን ዕቃችንን መኪና ላይ ስንጭን፣ እረኛው ለመሪያችን የነገረውን በዓይናችን አየነው። በአስፋልቱ ዳር በሰልፍ ይመጣሉ። ቆጠርናቸው፤ አሥራ አንድ ናቸው፣ ሦስቱ ሴቶች። ያላቸው ዕቃ በእጃቸው የያዙት ባዶ የፕላስቲክ ጠርሙስ ነው። አብዛኞቹ ኦሮምኛ ተናጋሪዎች ናቸው፤ ሁለቱ ግን ከሃርቡ አካባቢ መጥተዋል፣ የወንድማችን ልጅ ካለበት ሩቅ አይደለም። አንደኛዋን “ስንት ቀናችሁ ነው?” አልናት። “ሌሊት ሌሊት ስለምንሄድ አልቆጠርኩትም እትዬ” አለች። ከንፈሯ ተሰንጥቆ ደም አርግቷል። “ባሕሩ ቀርቧል ወይ?” ብላ መልሳ ጠየቀችን። በእግር ታጁራ ገና ነው፣ ኦቦክ ከዚያም በላይ ነው። እውነቱን ነገርናት። ዝም አለች።

መሪያችን ሳንነግረው ሦስተኛውን ጀሪካን አወረደ። ያኔ ነው የሽማግሌው “የመንገድ ነው” የገባን። ሃያ ሊትር ለአሥራ አንድ ሰው ሲካፈል ለአንዱ ሁለት ሊትር አይሞላም። የቀረንን ሁሉ፣ በሶውንም ተምሩንም፣ ሰጠናቸው። ቀስ ብለው እንዲጠጡ መሪያችን ይቆጣቸው ነበር። ከዚያ ወደፊት ሄዱ። ተመለሱ ብንላቸውም የተመለሰ የለም፤ ከኋላቸው የተሸጠ በሬ፣ የተበደረ ገንዘብ አለ።

እኛ ወደ አሳል ቀጠልን፤ ዝም ብለን ነው የነዳነው። አሳል ከባሕር ወለል በታች 155 ሜትር ነው፤ በአፍሪካ ከዚህ የዘቀጠ ቦታ የለም። ውሃው ከባሕር ውሃ አሥር ጊዜ ያህል ይጨውማል። ዳሩ ነጭ ነው፤ ከሩቅ ሲያዩት በረዶ፣ ሲረግጡት ብርጭቆ ይመስላል። አፋሮች ከጥንት ጀምረው ከዚህ ጨው በግመል ወደ ሸዋ ሲያመላልሱ ኖረዋል። በእኛ ዘመንም ከእ.ኤ.አ. 1998ቱ የኤርትራ ጦርነት በኋላ የአሰብ ጨው ሲቋረጥ ገበያችን ወደ አሳል ዞሮ ነበር፤ ኋላ የራሳችን አፍዴራ ተካው። አሁን ጨው ወደ ውጭ የሚጫንበት ወደብ ጉቤት ላይ እ.ኤ.አ. በ2017 ተከፍቷል። በዓይናችን ፊት ያን ያህል ውሃ ተኝቶ አንድ ጉንጭ የሚጠጣ የለውም። ከአሥራ አንዱ ሰዎች ጋር አያይዘን ማሰባችን አልቀረም።

ማታ አርሂባ ስንመለስ ለልጁ ደወልን። ምክር አልሰጠነውም፤ ምክር ጠግቧል። ዳጉ ነው የነገርነው። ያየነውን ብቻ፣ ሳንጨምር፣ ሳንቀንስ። ስንት ሰዎች እንደ ነበሩ፣ በእጃቸው ምን እንደያዙ፣ ልጅቷ ምን እንደጠየቀችን። ካየነው ለይተን የሰማነውንም ነገርነው፤ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 1 ቀን 2024 ከየመን ሲመለሱ የነበሩ 310 ሰዎች የጫኑ ሁለት ጀልባዎች በጅቡቲ ባሕር አደጋ ደርሶባቸው ቢያንስ 45 ሰዎች መሞታቸውን። ሄደው የደረሱት ራሳቸው በዚያው ባሕር እየተመለሱ እንደሆነ ነገርነው። ከዚያ ሁለታችንም የተስማማንበትን አንድ ነገር ጨመርን፦ ለባሕሩ አንከፍልም፤ ሎጊያ መጥቶ ከእኛ ጋር ዕቃ ቢቀበል ደመወዝ እንከፍለዋለን፣ ዓመት ከሠራ የራሱን ዕቃ እንዲጀምር እናበድረዋለን። “አስባለሁ” አለ። ይህን ስንጽፍ ሎጊያ ከመጣ ስድስተኛ ሳምንቱ ነው። ይቀጥላል ብለን አንምልም፤ ጓደኞቹ ከየመን ይደውሉለታል። ዛሬ ግን አለ።

እንግዲህ መሄድ ለምትፈልጉ። ጊዜው ከኅዳር እስከ የካቲት ነው። ከግንቦት ወዲያ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ ይወጣል፣ ካምሲን የሚባለው ነፋስም ይነሳል፤ አይሞከርም። ያለ አካባቢው ሰው አትውረዱ፤ ዋጋውን ከመነሳታችሁ በፊት ተነጋገሩ። ውሃ ለአንድ ሰው በቀን ከአምስት ሊትር አታሳንሱ፤ መኪና ላይ አትተዉት፣ ወደ ታችም ይዛችሁ ውረዱ። ወፍራም ሶል ያለው ጫማ፣ ኮፍያ፣ የእጅ ባትሪ፣ ለሌሊቱ ብርድ ልብስ። ወንዙ አልጋ ላይ አትተኙ። ስልክ እንደማይሰራ አውቃችሁ መቼ እንደምትመለሱ ለአንድ ሰው ተናገሩ። የምታገኟቸውን ሰዎች ሳትጠይቁ ፎቶ አታንሱ። ቆሻሻችሁን ይዛችሁ ውጡ።

ለመንገደኛ ውሃ መስጠትን ግን ለሽርሽር ብቻ አትተዉት። በዚህ መንገድ በየቀኑ መኪኖቻችን ያልፋሉ። ያለ ሰነድ ሰው መጫን በሕግ ያስጠይቃል፤ ሹፌሮቻችሁን በዚህ ጉዳይ አስጠንቅቁ። ውሃ መስጠት ግን ሌላ ነገር ነው። አንድ ጀሪካን ከጭነቱ ላይ የሚወስደው ቦታ የአንድ ካርቶን አይሆንም። መመለስ የሚፈልግ ካጋጠማችሁም ዓለም አቀፉ የፍልሰት ድርጅት ኦቦክ ላይ ማዕከል እንዳለውና በፈቃዳቸው የሚመለሱትን እንደሚረዳ ንገሩት፤ ብዙዎቹ አያውቁም።

አዛውንቱ ጎረቤታችን ስንመለስ ቡና ጠርተውን፣ ስለ ሸለቆው ምንም ሳይሉ፣ “ሦስተኛው ጀሪካን ተመለሰ ወይስ አለቀ?” ብለው ጠየቁን። አለቀ አልናቸው። “እንግዲያው በሚቀጥለው አራት ትሞላላችሁ” አሉ።